«ብሬክስሩ»ን ከሁለት እናቶች ጋር

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ነው። ፒያሳ ፍላሽ ላይ ያስጫንኩትን «ብሬክስሩ» የተባለ ፊልም ከፈትኩ። ብርድ ስለነበር በሩ ተዘግቷል፤ ቤቱን የዕጣን ጭስ ሞልቶታል። እናቴ ቡና ታፈላለች። ጎረቤታችን እትዬ ሶፋው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው፣ የአማርኛ ጽሑፍ የለውም። አስተርጓሚው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ፊልሙ የወጣው በ2019 በፈረንጆቹ ነው፤ ታሪኩ እውነተኛ ነው። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥር 2015 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ፣ ጆን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ሲጫወት በረዶው ተሰብሮ ይሰምጣል።

እትዬ አስቆሙኝ። «ሐይቅ ላይ በእግር? እንዴት ሆኖ?»

እውነታቸውን ነው። ለደሴ ሰው ሐይቅ ማለት ያው ሐይቃችን ነው፤ ጀልባና ዓሣ ነው። «ጦሳ ተራራ ላይ የሚያድረውን ውርጭ አሥር እጥፍ ያድርጉት» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ልጁ ውኃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው የሚወጣው። ልቡ ቆሟል። ሐኪሞቹ ይታገላሉ፣ ይታገላሉ፣ በመጨረሻ እናቱን ተሰናበቺው ብለው ያስገቧታል። እሷ ግን እግሩን ይዛ በጩኸት ትጸልያለች። የልብ ምቱ ይመለሳል። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች እልል አለች። እትዬ «ያ አላህ!» ብለው ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

እናትየዋን የምትጫወተው ክሪሲ ሜትዝ ናት፤ ፊልሙን የተሸከመችው እሷ ናት። ሴትዮዋን ቅድስት አላደረገቻትም። ግትር ናት፤ ሐኪሙን ታዛለች፣ ፓስተሩን በጸጉሩ ቁርጥ ትጠላዋለች። እናቴም ፓስተሩን ስታየው «ይኼ ነው ቄሱ?» ብላ ከእሷ ጋር ወገነች። ጆን ከጓቲማላ የመጣ የማደጎ ልጅ መሆኑ ደግሞ በእናትና ልጅ መሀል ያለውን ኩርፊያ እውነት አድርጎታል።

ማታ ሰዎች ከሆስፒታሉ ውጭ ተሰብስበው ሲዘምሩ እትዬ «ወዳጃ ይዘዋል» አሉ፤ የወሎን የጋራ ጸሎት ማለታቸው ነው። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኝም ነበር።

ቅር ያለኝም አለ። መሀሉ ይንዛዛል። ሙዚቃው አልቅሱ፣ አልቅሱ እያለ ይጎተጉታል። ሌላው ደግሞ ቅዝቃዜው ነው። በጣም ቀዝቃዛ ውኃ የአንጎልን የኦክስጅን ፍላጎት ስለሚቀንስ፣ አንዳንዴ የሰመጠ ሰው ከሚጠበቀው በላይ ሊቆይ ይችላል። ፊልሙ ይኼን ቢያብራራ ከጸሎቱ ምን ይጎድላል? ለእናቴ ነገርኳት። «ብርዱንስ የላከው ማን ሆነና?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ወደ መጨረሻው ነው። ልጁ ድኖ ትምህርት ቤት ሲመለስ ባሏ የሞተባት መምህርት፣ እሱ ሞቶ አንተ ለምን ተረፍክ የሚል ጥያቄ ታነሳበታለች። የፊልሙ ትልቁ ጥያቄ ይኼ ነው። ፊልሙም ቶሎ አልፎት ይሄዳል።

እኔ ማለፍ አልቻልኩም። 13 ዓመቴ እያለሁ ማጅራት ገትር ይዞኝ ነበር። 4 ቀን ራሴን ስቻለሁ። እናቴ ለመድኃኔዓለም ጃንጥላ ተሳለች፤ ተረፍኩ። የእትዬ የመጨረሻ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ በዚያው ሳምንት በዚያው በሽታ ሞተ። እናቴ ስለቷን አስገብታለች። በእትዬ ፊት ግን ስለ እኔ መዳን አንድ ቀን አንስታ አታውቅም። ፊልሙን ስመርጥ ይኼን አለማሰቤ!

«ምን አለችው?» አሉ እትዬ።

«ስለ ትምህርቱ ነው» አልኩ።

እትዬ አንዴ አዩኝ። እናቴ አቀርቅራ በረካውን ቀዳች። ፊልሙ እስኪያልቅ ማንም አልተናገረም።

እዩት ወይ ካላችሁኝ፣ እዩት። ለእሷ ለተዋናይቷ ሲባል ብቻ እንኳ ሁለት ሰዓት ገደማ ይገባዋል።

በማግስቱ የእትዬ የልጅ ልጅ በሩን አንኳኳ። ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ እንግሊዝኛ ጎበዝ ነው።

«ፍላሹን ስጠኝ» አለኝ። «አያቴ መምህርቷ ያለችውን ንገረኝ ብላኛለች።»