«አብሽር» ተብሎ የተሸጠልኝ አላርም፣ ከስምንት ወር በኋላ

ለሌባ ብዬ የገዛሁት አላርም በሐሰት ሳይጮህ ሦስት ሳምንት ሞላው። ባለፈው ወር ብጽፍ ኖሮ ከስድብ በቀር የሚወጣኝ ነገር አልነበረም። ዛሬም ሙሉ በሙሉ በርዶልኛል ማለት አይደለም።

ቤታችን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ዋናው ቤት ኮርኒስ አለው። ከጓሮ ያለችው፣ ለንግድ የማመጣውን ብርድ ልብስ የማስቀምጥባት መጋዘን ግን ብሎኬት ግድግዳና ራቁት ቆርቆሮ ናት። ብርሃን ይግባ ብለን ከጣሪያዋ አንዱን ቆርቆሮ አንስተን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተክተነዋል። ይቺን ፕላስቲክ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አላርሙን ጥቅምት ላይ ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ገዛሁት። ካርቶኑ ውስጥ ሲም ካርድ የሚገባበት ዋናው ሳጥን፣ ሁለት የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ ሁለት የበር ማግኔት፣ ሁለት ሪሞትና አንድ ሳይረን አለ። ሻጩን ስለ ሁሉም ነገር ጠይቄዋለሁ። ድመት ቢያልፍስ? «አብሽር፣ ድመት አያስጮኸውም።» መብራት ሲጠፋስ? «አብሽር፣ ባትሪ አለው።» መጋዘኗ ኮርኒስ የላትም ስለውም «አብሽር» አለኝ። ወሎ ተወልጄ አድጌ ይህን ቃል እንደዚያን ቀን የፈራሁት ጊዜ የለም ማለት ነበረብኝ። አልፈራሁም፣ ከፈልኩ።

ተከላው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀው፤ ገመድ የለው፣ ግድግዳ መፈልፈል የለ። ሲሙ ላይ የነበረውን የሚስጥር ቁጥር በስልኬ አጥፍቼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ሳጥኑን መማሪያው ላይ አድርጎ በየሴንሰሩ ፊት እጅ ማወዛወዝ ነው፤ ጢጥ ሲል ተዋወቁ ማለት ነው። ካቻቢቴ፣ ድሪልና አራት ፊሸር በቃኝ። አንድ ነገር ብቻ ግማሽ ቀን አናደደኝ። ሴንሰሩ መጀመሪያ ሳልፍ ያየኛል፣ ወዲያው ተመልሼ ሳልፍ ዝም ይላል። ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ካርቶን ውስጥ ከትቼው ነበር። ለካ ባትሪ ለመቆጠብ አንዴ ምልክት ከላከ በኋላ ፊቱ ለሦስት ደቂቃ ያህል ጭር እስኪል ይተኛል። ይህን ለማወቅ መመሪያውን በማጉያ መነጽር ማንበብ ነበረብኝ፤ ሻጩ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

የመጀመሪያው ጉድ የመጣው ረመዳን ሲገባ ነው፤ እሱ እንኳ የኔ ጥፋት ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም እናቴ ለሱሑር ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ስታልፍ ሳሎኑ ጮኸ። ካርቶኑ ላይ 110 ዴሲቤል ይላል፤ ቁጥሩ አይገልጸውም። የ2014ን ጦርነት ያሳለፈ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ በሌሊት መልቀቅ ቀልድ አይደለም። የጎረቤት ልጆች አለቀሱ፣ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ሃጂ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። እናቴ ድስቱን እንደያዘች ቆማ፣ «ልጄ፣ ሌባዋ እኔ ነኝ?» አለችኝ። ሪሞቱ ላይ የቤት ሥዕል ያለበት ቁልፍ ነበር፤ እሱ ሲጫን በሮቹ ብቻ ይጠበቃሉ፣ ውስጡ ነፃ ይሆናል። አንዱን ሪሞት ሰጠኋት፤ ከመቁጠሪያዋ ጋር አሰረችው፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ዋናው ጣጣ መጋዘኗ ናት። ከመጋቢት ጀምሮ፣ በየቀኑ ባይሆንም፣ ከቀኑ 9 እና 10 ሰዓት መካከል ትጮሃለች። ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ይጠራል፣ አነሳለሁ፣ የሚናገር ሰው የለም። ቤቴ ነው የሚደውልልኝ። ባጃጅ ይዤ እበራለሁ። ቁልፉ እንደተቆለፈ፣ ብርድ ልብሱ እንደታሰረ አገኘዋለሁ፤ ሃጂም በራቸው ላይ ቆመው «ዛሬስ ያዝከው?» ይሉኛል። አራተኛው ጊዜ ላይ መጠየቁን ተዉት፤ እሱ ባሰብኝ።

ሻጩ ጋ ሄድኩ። በመጀመሪያ «ባትሪው ነው» አለኝና ባለ 9 ቮልት አዲስ ባትሪ ሸጠልኝ። በሁለተኛው ጊዜ «ድመት ይሆናል» አለ። ወንድሜ፣ ድመት አያስጮኸውም ያልከኝ አንተ አይደለህም? በሦስተኛው «የደሴ ብርድ ነው» ብሎ ደመደመ። እንግዲህ ብርድ ከሆነ ሌሊት ለምን አይጮህም? ደግሞስ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ይህ ዕቃ ካሜራ አይደለም፤ ከገላና ከዕቃ የሚወጣውን ሙቀት ነው የሚያየው። ግድግዳው ሲቀዘቅዝ የሰው ሙቀት ጎልቶ ይታየዋል። ዓይኑ የሚደክመው ክፍሉ ወደ ሰው ገላ ሙቀት ሲጠጋ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሞቅ ወዳለችው ኮምቦልቻ ወርደህ ብትሸጠው ስለ አየሩ የምታወራው ነገር ይኖርህ ነበር፤ ለደሴ ሰው ብርድን ሰበብ አድርገህ አትሽጥ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ሥራዬን ትቼ፣ ሳይረኑን ነቅዬ፣ ቡናዬን በስኒ ይዤ መጋዘኗ ውስጥ አንድ የብርድ ልብስ እስር ላይ ቁጭ አልኩ። ሴንሰሩ ሲነቃ ጥጉ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል፤ ለሙከራ ሲሆን እንዳይተኛ ማድረግ ይቻላል። እኔ ከጀርባው ነኝ፣ ትንፋሼን ውጫለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ምንም። ቡናው ቀዘቀዘ። ከዚያ ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ ስታዘቀዝቅ፣ በዚያች በጣሪያ ፕላስቲክ በኩል የበር ስፋት ያላት ብርሃን ገብታ ሰማያዊው የዕቃ መሸፈኛ ላይ አረፈች። ደመና መጣ፣ ጠፋች። ደመናው አለፈ፣ ተመለሰች። በጣሪያና በግድግዳ መካከል ካለው ክፍተት ነፋስ ገባና የሞቀውን መሸፈኛ ጫፉን ይዞ አነሣው፤ ልክ ሰው ከሥሩ ቀና እንዳለ። ብልጭ። እንደገና አነሣው። ብልጭ።

ሌባዬን አገኘሁት። ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል፣ ግን ብቻዬን ሳቅሁ።

የሴንሰሩ ፊት ላይ ያለችው ነጭ ጎርባጣ ፕላስቲክ ሌንስ ናት። ክፍሉን በብዙ ቁራጭ ከፋፍላ ነው የምታየው፤ የሞቀ ነገር ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሻገር ውስጡ ያለው ይነቃል። ሰው ይሁን ሸራ ለእሱ አንድ ነው። እኔ ደግሞ በር ፊት ለፊት ሰቅዬው ነበር፤ መሸፈኛውም ከሥሩ። ነቅዬ በሩ ባለበት ግድግዳ ጥግ አዞርኩት፤ አሁን የሚገባ ሰው በፊቱ ያቋርጣል። ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ከሚመጣ ይልቅ የሚያቋርጠውን ነው ቶሎ የሚያየው። ጀርባውን ከፍቼ ጃምፐሯን፣ ንቃቱን የምትወስነውን ትንሽ መሰኪያ፣ ዝቅ ወዳለው ቀየርኳት፣ የብርሃኗን ቦታ የሚያየውን የሌንስ ክፍል በናስትሮ ሸፈንኩት፣ መሸፈኛውንም በአራት ድንጋይ አስያዝኩ። ዋጋው? የናስትሮ ዋጋ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ፤ በጣም አሳውሬው እንዳይሆን። በነጋታው ከፀሐይ በፊት በሸሚዝ ገባሁ፤ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ብልጭ አለ። ወጣሁና ሌሊቱን ውጭ ገመድ ላይ ያደረ ጋቢ እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ቀስ ብዬ ገባሁ። ስምንት እርምጃ! ስምንተኛው ላይ እጄን ባላወጣ ኖሮ ምናልባት ብርድ ልብሱ ጋ እደርስ ነበር። ጋቢው እንደ ግድግዳው ቀዝቅዞ ስለነበር ሙቀቴን ደበቀልኝ። በደሴ ሌሊት ጋቢ ሳይደርብ የሚሰርቅ ሌባ ካለ ንገሩኝ። ለዚህ ነው በሩ ላይ ማግኔቱን ያልነቀልኩት፤ እሱ ሙቀት አያውቅም፣ በር ከተከፈተ ይጮሃል፣ አለቀ።

የቀረው ደህና ነው። መብራት ሲጠፋ የራሱ ባትሪ እየያዘው አድሯል። ሲሙ ላይ ሒሳብ ካላደረጋችሁ ግን አይደውልም፤ እኔ አንዴ ረስቼ ሳይረኑን የሰማሁት ከሃጂ አፍ ነው።

ተጸጽተሃል ወይ ላላችሁኝ፣ በዕቃው አልተጸጸትኩም። እናቴ ብቻዋን ስታድር በሩ እንደሚጠበቅላት ስለምታውቅ ትተኛለች፣ ለኔ ይህ በቂ ነበር። ሰውዬው ላይ ግን አሁንም አኩርፌያለሁ። «መጋዘንህ ኮርኒስ ከሌላት ፀሐይ የምታርፍበትን አይተህ ስቀል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትወጣው ኖሮ አራት የባጃጅ ሒሳብ፣ አንድ ባትሪና የሰፈሩ ሰው ፊት ይተርፈኝ ነበር። መጋዘኑ ቆርቆሮ የሆነ ሰው ከመግዛቱ በፊት ከሰዓት በኋላ ገብቶ ይቀመጥ፤ ቡናውን ይዞ።

ትናንት ማታ ሃጂ የልጃቸውን ልጅ ላኩብኝ። «አያቴ ያ ነገር ተበላሸ እንዴ ይላሉ።» አልተበላሸም፣ ተስተካክሎ ነው በላቸው አልኩት። ሮጦ ሄደ፣ ሮጦ ተመለሰ።

«ለእኛም ይግዛልን ብለዋል። ግን የማይጮኸውን።»