የብራውዘር ብቻ ቪፒኤን በሙሉ ቪፒኤን ዋጋ አትግዙ

ቪፒኤን (የኢንተርኔት ግንኙነትን በሌላ ኮምፒውተር፣ በሰርቨር፣ በኩል አሳልፎ እውነተኛ አድራሻን የሚሸሽግ አገልግሎት) ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት «ኮምፒውተርዎን ሙሉ በሙሉ እንጠብቃለን» ብሎ የዓመት ክፍያ ተቀበለኝ፤ ያስረከበኝ ግን ብራውዘር (እንደ ክሮም ያለ የድረ ገጽ መክፈቻ) ላይ የሚጫን ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ተጨማሪ ቅጥያ፣ ብቻ ነው። ገንዘቤን እንዲመልስ ስጠይቀው ከውሉ ግርጌ አንዲት መስመር ጠቅሶ «አገልግሎታችን በብራውዘር ውስጥ የሚደረገውን ግንኙነት እንደሚመለከት ተገልጿል» ሲል መለሰልኝ። መስመሯ በእርግጥ አለች። ነገር ግን ገዢ የሚያየው በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው የሰጠውን ቃል ውሉ በደቃቅ ፊደል መልሶ ሲነጥቅ ማታለል ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሙሉ ቪፒኤን የሚሠራው በኮምፒውተሩ ወይም በስልኩ ስርዓተ ክወና ደረጃ ነው። እንደ ዋየርጋርድና ኦፕንቪፒኤን ባሉ ስልቶች የራሱን የኔትወርክ መስመር ይዘረጋል፤ የየትኛውም ፕሮግራም መረጃ ከመሣሪያው ሲወጣ ተመስጥሮ በዚያ መስመር ያልፋል። የኤክስቴንሽን እጅ ግን ከብራውዘሩ ውጭ አይደርስም። ቪፒኤን ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የፕሮክሲ ነው። የብራውዘሩን ጥያቄ በድርጅቱ ሰርቨር በኩል ያሳልፋል፤ ድረ ገጹም በእናንተ አይፒ አድራሻ (መሣሪያችሁ በኢንተርኔት ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) ፈንታ የሰርቨሩን ያያል። የቤቱን ሁሉ ኪራይ ከፍሎ አንዲት ክፍል እንደ መረከብ ነው።

ስለዚህ በብራውዘሩ ጥግ «ተጠብቀዋል» የሚል አረንጓዴ ምልክት እየበራ፣ ለብቻው የተጫነው ቴሌግራም፣ የኢሜይል ፕሮግራሙ፣ ፋይል ወደ ክላውድ የሚልከው መተግበሪያ፣ ጨዋታው፣ የስርዓተ ክወናው ማሻሻያ ሁሉ በእውነተኛው አድራሻችሁ ይወጣሉ። በተለይ ቶረንት (ተጠቃሚዎች ፋይል እርስ በርስ የሚጋሩበት ዘዴ) የምትጠቀሙ ልብ በሉ። የቶረንት አሠራር የእያንዳንዱን ተሳታፊ አይፒ አድራሻ ለሌሎቹ ያሳያል። ሊንኩን ያገኛችሁት በተሸፈነ ብራውዘር ቢሆንም ፋይሉን የሚያወርደው ሌላ ፕሮግራም ስለሆነ፣ አድራሻችሁ ያንኑ ፋይል ለሚጋሩት እንግዳ ሰዎች ሁሉ ግልጽ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ በግል መስኮት፣ ማለትም ብራውዘሩ የጎበኛችሁትን በታሪኩ በማያስቀምጥበት መስኮት፣ የሚደርሰው ነው። ሰው ጥንቃቄውን እጥፍ ላድርግ ብሎ የክሮምን ኢንኮግኒቶ ወይም የፋየርፎክስን የግል መስኮት ይከፍታል። ሁለቱም ብራውዘሮች ግን ተጠቃሚው ራሱ ካልፈቀደ በቀር፣ ተጠቃሚው የጫናቸው ኤክስቴንሽኖች በዚያ መስኮት እንዲሠሩ አይፈቅዱም። ይበልጥ ሊሸሸግ የፈለገበት ሰዓት ያለ ምንም ሽፋን የሚሄድበት ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ይህን ከመግዛቱ በፊት የሚነግረው ሻጭ ግን አላየሁም።

ብራውዘሩ ራሱም ቀዳዳ አለው። የቪዲዮና የድምፅ ጥሪ በብራውዘር እንዲደረግ የሚያስችለው ዌብአርቲሲ፣ ድረ ገጾች በጥቂት የጃቫስክሪፕት (የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ) መስመሮች የተጠቃሚውን እውነተኛ አይፒ እንዲያውቁ መንገድ እንደሚከፍት እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ በይፋ ታይቷል። ጥሩ ኤክስቴንሽኖች ይህን ይዘጋሉ፤ ሁሉም ግን አይዘጉም። ብዙዎቹ ሙሉ ቪፒኤኖች ግንኙነታቸው ሲቋረጥ ኢንተርኔቱን በሙሉ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ አላቸው። ኤክስቴንሽን ሲበላሽ ወይም ብራውዘሩ ሲያሰናክለው ግን ገጾቹ ምንም ሳይነግሯችሁ በቀጥታ መከፈታቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ።

አሁን ኤክስቴንሽን ሲጫን ወደሚጠይቀው ፈቃድ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡ። ሙሉ ቪፒኤን የሚሸጥላችሁ ድርጅት፣ ድረ ገጹ ኤችቲቲፒኤስን (ድረ ገጹና ብራውዘሩ የሚለዋወጡትን የሚመሰጥር ስልት) እስከተጠቀመ ድረስ፣ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኛችሁ ማወቅ ይችላል እንጂ ገጹ ላይ ያለውን ማንበብ አይችልም። ኤክስቴንሽን ግን የሚቀመጠው ምስጠራው በተፈታበት ቦታ፣ በብራውዘሩ ውስጥ ነው። ሲጫን «በምትጎበኟቸው ድረ ገጾች ሁሉ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ ከጠየቀና ከሰጣችሁት፣ የተጻፈላችሁን ደብዳቤም እናንተ ቅጽ ላይ የምትሞሉትንም ማየት ይችላል። ምስጢር ጠባቂ ተብሎ የተገዛው ነገር ከኢንተርኔት አቅራቢያችሁ የበለጠ ሊያያችሁ ይችላል።

ይህ የፍርሃት ወሬ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የጸጥታ ሶፍትዌር አምራቹ አቫስት 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ማድረጉን አስታውቋል። ክሱ ድርጅቱ በብራውዘር ኤክስቴንሽኖቹና በጸረ ቫይረስ ፕሮግራሙ የሰበሰበውን የተጠቃሚዎች የአሰሳ መረጃ ጃምፕሾት በተባለ በሥሩ በነበረ ኩባንያ በኩል ሸጧል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሆላ የተባለው ነጻ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት መስመር ሉሚናቲ በሚል ስም ለሌሎች ከፋዮች ሲሸጥ እንደነበር ታውቋል። የሌላ ሰው ትራፊክ በእናንተ አድራሻ ሲወጣ፣ የሚያስከትለው ጣጣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነው።

የብራውዘር ቪፒኤን ፈጽሞ አይረባም አልልም። አንድን ድረ ገጽ ከሌላ አገር እንደገባችሁ ሆናችሁ ማየት ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ወይም ፕሮግራም መጫን በማትችሉበት ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ይበቃችኋል። ኦፔራ የተባለው ብራውዘር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ይህን በብራውዘሩ ውስጥ በነጻ ይሰጣል። በነጻ የሚገኘውን ያህል ብቻ ለሚሰጥ አገልግሎት የሙሉ ቪፒኤን ዋጋ መክፈልን ነው የምቃወመው።

የገዛችሁት ካለ አሁኑኑ ፈትሹ። ቪፒኤኑን አብሩና አይፒ አድራሻችሁን በብራውዘሩ ተመልከቱ። ቀጥላችሁ ኤክስቴንሽኑ ያልተጫነበት ሌላ ብራውዘር ከፍታችሁ እንደገና ተመልከቱ። ሁለተኛው እውነተኛውን አድራሻችሁን ካሳየ ሽፋኑ ከመጀመሪያው ብራውዘር አያልፍም። ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ለሻጩ «ከብራውዘሩ ውጭ ያሉትን ፕሮግራሞች ይሸፍናል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡት።

ገንዘባችሁን ለማስመለስ ከፈለጋችሁ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ በኢሜይል ጠይቁ፤ የማስታወቂያውን ገጽ ፎቶ አያይዙ፣ ገጹ ሊቀየር ይችላልና። ኤክስቴንሽኑን ከብራውዘሩ ማጥፋት ክፍያውን አያቋርጥም፤ ምዝገባው ጊዜው ሲደርስ ራሱን አድሶ ከካርዳችሁ ይቆርጣል። ወደ ድርጅቱ አካውንት ገብታችሁ ምዝገባውን ሰርዙ፣ ማረጋገጫው እስኪደርሳችሁም አትዘናጉ። እንቢ ካሉ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ካርዱን ወደ ሰጣችሁ ባንክ አቤት በሉ።