ሳርማሌ ያማራችሁ፣ «ሙሉ እሽግ» የሚባለውን እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው ሩማንያ ተምራችሁ አሁን ጀርመንና አካባቢው ለምትኖሩ ነው። የፈረንጅ ገና ሲቃረብ ሳርማሌ፣ ያ በጎመዘዘ የጎመን ቅጠል የሚጠቀለለው ሥጋና ሩዝ፣ ውል እንደሚልባችሁ አውቃለሁ። ሰሞኑን በፌስቡክ «የሳርማሌ ሙሉ እሽግ፣ በቀጥታ ከትራንሲልቫንያ» እያለ የሚሸጥ ሰው አለ። እኔ ገዝቼዋለሁ፤ እናንተ ተዉት።

ፎቶው ያጓጓል። ከእንጨት በርሜል የወጣ ሙሉ ጥቅል ጎመን፣ በጭስ የደረቀ ሥጋ፣ የማማሊጋ (የበቆሎ ገንፎ) ዱቄት፣ ጦስኝ። የደረሰኝ ግን አቸቶ ውስጥ የተዘፈዘፈ፣ በላስቲክ የታሸገ ጎመን ነው።

የሳርማሌ ቁም ነገሩ ጎመኑ ነው። ሩማንያ ብርዱ ሊገባ ሲል እናቶች ሙሉውን ጎመን፣ እምብርቱን በቢላ ቦርቡረው ጨው እየሞሉ፣ በርሜል ውስጥ ይደረድሩታል። የጨው ውሃ ያፈሱበታል። ማራር የሚሉትን ሽታማ ቅጠል አገዳና ህሬያን የሚሉትን የሚያቃጥል ሥር ይጨምሩበታል። ከዚያ ለሳምንታት ራሱ ይብላላል። እንዲህ የጎመዘዘ ቅጠል ይለሰልሳል እንጂ አይበጣጠስም፤ ሥጋና ሩዝ ተጠቅልሎበት ለሰዓታት ቢንተከተክም ችሎ ይወጣል። ውሃው ራሱ ለራስ ምታት ይጠጣል፤ በተለይ በበዓል ማግስት። በአቸቶ የተሠራው ግን ሊጡን ሳያቦኩ ሎሚ ጨምቆ እንጀራ እንደ መጋገር ነው። የእኔው ገና ስጠቀልለው ተቀደደ። ድስቱን ስከፍተው ቤቱን የሞላው የአቸቶ ሽታ ብቻ ነበር።

«በጭስ የደረቀ» የተባለው የአሳማ ሥጋም ጭስ አላየም። የተጻፈበትን ሳነበው «የጭስ ጣዕም ማጣፈጫ» ይላል። እኛ ቤት አሳማ ስለማይበላ እሱስ ብዙ አላንገበገበኝም። በበሬ ሥጋ ነው የምሠራው፤ በጾም ደግሞ በእንጉዳይና በሩዝ። ሩማንያውያንም በገና ጾማቸው እንዲሁ ያደርጋሉ።

ገንዘቤን ስጠይቅ «ምግብ አይመለስም» አለኝ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በአውሮፓ ኅብረት በኢንተርኔት የገዙትን በ14 ቀን ውስጥ ሐሳብ ቀይሮ የመመለስ መብት ቶሎ ለሚበላሽ ምግብ አይሠራም። እኔ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ የመጣልኝ ሌላ ዕቃ ነው። ከማስታወቂያው ጋር የማይገጥም ዕቃ ሲመጣ ተጠያቂው ሻጩ ነው። ደግሞም ምግብ በኢንተርኔት የሚሸጥ ነጋዴ በውስጡ ምን እንዳለ ከመግዛታችሁ በፊት ማሳወቅ አለበት። የዚህ ሰው ማስታወቂያ ላይ አንድም ቃል አልነበረም። ክፍያውንም «ለወዳጅ እንደሚላክ አድርጋችሁ በፔይፓል ላኩ» ይላል። እንዲህ የተላከ ገንዘብ የገዢ ዋስትና የለውም። ተንኮሉ እዚያ ነው።

ጎመኑን ከፈለጋችሁ የባልካንና የቱርክ ሱቆች ጎራ በሉ። ሙሉ ጥቅል ጎመን በጨው ውሃ ታሽጎ ይሸጣል። ጀርባውን አንብቡ፦ ጎመን፣ ውሃ፣ ጨው ካለ ውሰዱ። በጀርመንኛ «ኤሲግ» ወይም በሩማንያኛ «ኦጸት» የሚል ካያችሁ አቸቶ ነውና መልሱት። ካጣችሁ ደግሞ ትኩሱን ጎመን በጨው ውሃ ቀቅላችሁ ቅጠሉን ለዩ፤ ከድስቱ ሥር የጀርመኖቹን ዛወርክራውት (ተከትፎ የጎመዘዘ ጎመን) አንጥፉና ጭማቂውን ከላይ አፍስሱበት። ከበርሜሉ ባይደርስም ይበላል።

ሰውየው የገጹን ስም ይቀያይራል፤ ፎቶው ግን ያው ነው። ቀድማችሁ ያዘዛችሁ ካላችሁ እሽጉን ሳትከፍቱ ፎቶ አንሡ፤ የማስታወቂያውንም ምስል አስቀሩ። በካርድ ከከፈላችሁ ዛሬውኑ ለባንካችሁ አመልክቱ።