እጃቸውን ቁርጥማት ለያዛቸው፦ ቧንቧ፣ መወልወያ፣ ልብስ ማጠቢያና መክተፊያ ሲነጻጸሩ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብተው «ለእጅ የሚቀል የቤት ዕቃ» ቢጠይቁ ቀድሞ የሚቀርብልዎ ገመዱ የሚጎተተው የሽንኩርት መክተፊያ ነው። ርካሽ ነው፣ ሻጩም አንዴ ስቦ ያሳይዎታል። ቁርጥማት ለያዘው እጅ ግን የመጀመሪያው ብር መውጣት ያለበት ቧንቧ ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጨርቅ ከመጭመቅ በሚገላግል ዕቃ ላይ ነው። ሽንኩርት በቀን አንዴ ይከተፋል። ቧንቧ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል።

ከመግዛትዎ በፊት ሕመሙ የቱ ጋ እንደሚበረታ ይለዩ። አውራ ጣት ሥር ከሆነ የሚጎዳዎ መቆንጠጥና ክዳን ማዞር ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ በ1 ኪሎ ኃይል ሲቆነጥጡ አውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል። ጥፍር አጠገብ ያሉት አንጓዎች አብጠው ከጠነከሩ የሚያስቸግረው ቀጭን እጀታ ነው። የጣት ሥር አንጓዎችና የእጅ አንጓ ከሆኑ ደግሞ ክብደት ማንሳትና ጨርቅ መጠምዘዝ ነው። ሁለቱም እጆች አብጠው ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ አልታጠፍ ካሉ ከዕቃው በፊት ሐኪም ይቅደም፤ ሩማቶይድ የሚባለው ዓይነት ቶሎ መድኃኒት ካልተጀመረለት መገጣጠሚያውን ይበላዋል።

ቧንቧ፦ የሚጠመዘዘው፣ ባለ ቢራቢሮውና ባለ ረጅም ማንሻው

የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ቧንቧ ውስጥም ይጋገራል፤ ዘንድሮ በሁለት ጣት የሚዞረው ቧንቧ ከርሞ ሙሉ ጭብጥ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

የሚጠመዘዘው ቧንቧ ሌላም ጣጣ አለበት። ውስጡ ያለው ጎሚኒ ሲያልቅ ይንጠባጠባል፤ ሲንጠባጠብ ሰው አጥብቆ ይዘጋዋል፤ አጥብቆ ሲዘጋው ጎሚኒው ይብስ ይጎዳል። በዚያ ላይ ማታ ጤነኛ እጅ አጥብቆ የዘጋውን ጠዋት የሚከፍተው የታመመው እጅ ነው። ቧንቧውን መቀየር ካልተቻለ ጎሚኒውን ቶሎ ቶሎ ማስቀየር ይረዳል፤ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ባለ ቢራቢሮው ሩብ ዙር ብቻ ስለሚዞር የተሻለ ይመስላል፤ የሚያታልለውም እሱ ነው። ሁለቱ አጫጭር ክንፎች የሚያዙት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቁንጥጫ ነው፤ ያውም ጠንከር ባለ ቁንጥጫ። አውራ ጣትዎን ሥሩ ላይ የሚያምዎ ከሆነ ይለፉት።

የሚገዛው ባለ ረጅም ማንሻው ነው፤ እሱም ሩብ ዙር ነው። ማንሻው ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ከሆነ በመዳፍ ጠርዝ ወይም በክንድ ገፍቶ መክፈት ይቻላል፤ ጣት አያስፈልግም። ሱቅ ውስጥ ጣትዎን ሳያጥፉ በእጅዎ ጎን ገፍተው ይሞክሩት። ለግቢ ቧንቧ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግማሽ ኢንቹ ነው፤ ቢሆንም አሮጌውን አስፈትተው ይዘው ቢሄዱ አይሳሳቱም። ሥራውን ለቧንቧ ሠራተኛ ይስጡና ሁለት ነገር ይከታተሉ። ቴፍሎኑ፣ ማለትም ውሃ እንዳያፈስ የቧንቧው ጥርስ ላይ የሚጠቀለለው ስስ ነጭ ጥቅል፣ መጠቅለል ያለበት ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው ከተጠቀለለ ሲጠብቅ ይፈታና ያንጠባጥባል። ማንሻው ደግሞ ሲዞር ግድግዳ እንዳይነካ ቦታው አስቀድሞ ይለካ።

ይህም ቢሆን ኖራ አይምረውም። ለሳምንታት ሳይነካ የቆየ እንደሆነ ይነክሳል፤ ስለዚህ ብዙ የማይጠቀሙበትን እንኳ በሳምንት አንዴ እስከ ጥግ ከፍተው ይዝጉት። አፉ ላይ ለተጋገረው አቼቶ የነከረ ጨርቅ አንድ ሰዓት ያህል ጠቅልለው ቢያቆዩበት ይለቃል።

መወልወያ፦ በእግር የሚረገጠው ወይስ በመዳፍ የሚጫነው

በእጅ የሚጨመቅ ጨርቅ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው። መጠምዘዝ ሁለቱንም የእጅ አንጓዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያሾር ለታመመ እጅ ከሱ የከፋ የቤት ሥራ የለም።

ባለ ፔዳሉ ባልዲ የማጥለያውን ክብ ቅርጫት የሚያሽከረክረው በእግር ነው፤ እጅ ዘንጉን ቀና አድርጎ ከመያዝ በቀር ሥራ የለበትም። ድክመቱ ፔዳሉ ራሱ ነው፦ ጥርሱ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ አሸዋ ሲገባበት ያልቃል። አቧራና አሸዋ ለማይጠፋበት ቤት አስቀድሞ በደንብ መጥረግ፣ ሲጨርሱም ቅርጫቱን በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ግድ ነው። ዘንጉ ተጭኖ የሚሽከረከረው ዓይነት ፔዳል ስለሌለው የሚሰበር ነገር ያንሰዋል፤ ግን ግፊቱ ክንድና የእጅ አንጓ ላይ ያርፋል። የእጅ አንጓ ለሚያመው ባለ ፔዳሉ፣ ጣት ብቻ ለሚያመው ሁለተኛው ይሻላል።

በሁለቱም ላይ ሰው ልብ የማይለው የዘንጉን መቆለፊያ ነው። ዘንጉን ለማስረዘምና ለማሳጠር አንዳንዱ በመጠምዘዝ፣ አንዳንዱ በአንድ ጣት በምትገፋ ምላስ ይቆለፋል። ምላስ ያለውን ይምረጡ። ባልዲው ከታች የውሃ መልቀቂያ ቡሽ ከሌለው አይግዙት፤ ቆሻሻ ውሃ ሊደፉ 5 ሊትር ማንሳት መወልወሉን ባዶ ያስቀረዋል።

ልብስ ማጠቢያ፦ ባለ ሁለት ገንዳ ወይስ አውቶማቲክ

አውቶማቲኩ ለእጅ እንደሚሻል አያጠያይቅም። ጥያቄው ቤትዎ ያለው ውሃ ነው። ብዙ አውቶማቲክ ማሽኖች ከ0.3 እስከ 0.5 ባር የውሃ ግፊት ይፈልጋሉ። ሮቶ የሚሰጠው ግፊት በየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ነው፤ እናም ሮቶው ከማሽኑ ውሃ ማስገቢያ ከ3 እስከ 5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ሮቶው መሬት ላይ ወይም አጭር ቆጥ ላይ ከሆነ ማሽኑ ውሃ እየጠበቀ ይቆማል። ትክክለኛው ቁጥር ማሽኑ ጀርባ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ከመክፈልዎ በፊት ያስነብቡ።

ባለ ሁለት ገንዳው በባልዲ ውሃም ይሠራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ማጠቡ ሳይሆን ማጥለያው ነው፤ መጭመቅን ያስቀራል። ችግሩ ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው እርጥብ ልብስ ማሻገሩ ነው። አንሶላና ጋቢ ውሃ ጠጥተው በጣም ስለሚከብዱ በመጀመሪያ ውሃውን ያፍስሱት፣ ጥቂት ይጠንፈፍ፣ ከዚያ በጣት ሳይሆን በሁለት ክንድ ታቅፈው ያሻግሩ። ማጥለያው ውስጥ ልብሱ በአንድ ጎን ከተከመረ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ ዙሪያውን እኩል ያድርጉት። የሰዓት ማዞሪያውን ሱቅ ውስጥ አዙረው ይሞክሩ። አንዳንዱ ትንሽና ደረቅ ነው፣ ያም ያው ቁንጥጫ ነው።

መክተፊያ

ለወጥ በኪሎ ሽንኩርት ለሚከትፍ ቤት መብራት እስካለ ድረስ ኤሌክትሪኩ ይበልጣል። ሞተሩ ከላይ ተቀምጦ በመዳፍ የሚጫነውን እንጂ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚቆለፈውን አይውሰዱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን፣ ለቀቅ። ዝም ብሎ ከተያዘ ሽንኩርቱ ውሃ ሆኖ አልቁላላ ይላል።

ባለ ገመዱ ለአውራ ጣት ሥር ሕመም አይከፋም፤ ቀለበቱ በአራት ጣት ይሳባል፣ በሌላው መዳፍ ክዳኑ ይጫናል። የጣት ሥር አንጓ ላበጠበት ግን እያንዳንዱ ስበት ምት ነው። ከግማሽ በላይ ከሞሉት ስለቱ ይነክስና ገመዱ ይበጠሳል። ሽንኩርቱን በአራት ከፍለው ጥቂት ጥቂት ያድርጉ።

ቢላዋን መተው ለማይሆንለት እጀታውን ማወፈር ነው። ከጎሚስታ የባጃጅ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቁራጭ ይጠይቁ፣ 2 ሳንቲሜትር ስፋት እየሆነ ይቆረጥልዎ፣ እየወጠሩ እጀታው ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት እስኪደርስ ይጠቅልሉ። ከሥሩ ጨርቅ አያድርጉ፤ ውሃ ይዞ ይሸታል። የተረፈው ላስቲክ መዳፍ ላይ ተነጥፎ የማርማላታ ክዳን ይከፍታል።

ጀሪካን

ሞልቶ 20 ኪሎ የሚመዝነውን ቢጫ ጀሪካን ቦታው ላይ ያስቀምጡና ከታች ባለ ማንሻ ቧንቧ ያስገጥሙለት፤ መሙያው ባለ 5 ሊትር ይሁን። ባለ 5ቱንም በእጀታው በጣት አንጠልጥለው አይያዙ፣ ከሥር በመዳፍ ደግፈው ወደ ደረት ያስጠጉት።

ገበያ የሚወጡት ጠዋት ይሁን። ከቀትር ዕረፍት በኋላ ሱቆቹ ሲከፈቱ እጅ ስለሚፍታታ የማይሆን ዕቃም ይሆናል ያሰኛል። ማንሻውን፣ ክዳኑን፣ መቆለፊያውን አሥር አሥር ጊዜ ከፍተው ይዝጉ፤ አሥረኛው ላይ ካመመዎ ሌላ ያሳዩዎት።