ኬብል ወይስ ዲኤስኤል? በሽምብጥና በአባይ ማዶ ሁለት የቤት ኢንተርኔት መስመሮችን ተጠቅሜ ያየሁት

ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ጥር ቤት ቀይሮ ሲደውልልኝ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ያነሣው ጉዳይ የኢንተርኔት ነበር። በአዲሱ ሰፈሩ አንዱ ኩባንያ በቴሌቪዥን ኬብል፣ ሌላው ደግሞ በስልክ ሽቦ በሚመጣው ዲኤስኤል መስመር ሊያስገቡለት ይችላሉ። «አንተ ከስልክ ሽቦ ጋር ስንት ዓመት የኖርክ ሰው ነህ፤ የትኛውን ልያዝ?» ሲል ጠየቀኝ። ለእሱ የሰጠሁትን መልስ ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳስበው ግን ጥያቄው እዚህ ባሕር ዳር ጎረቤቶቼና የሥራ ባልደረቦቼ ዘወትር ከሚጠይቁኝ ጋር በመሠረቱ አንድ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ በሽምብጥ 5 ዓመት በተጠቀምኩበት የመዳብ የስልክ መስመርና ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአባይ ማዶ በምጠቀምበት ፋይበር መካከል ያየሁትን ልዩነት በጽሑፍ ማስቀመጡ ይጠቅማል ብዬ አመንኩ።

በቅድሚያ አንድ የስያሜ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። በእኛ ከተማ ብዙ ሰው ወደ ቤት የሚገባን ማንኛውንም ሽቦ «ኬብል» ይለዋል፤ ፋይበር ያስገባውም የስልክ መስመር ያለውም «ኬብል አለኝ» ሲል ይሰማል። አሜሪካ ውስጥ ኬብል ሲባል ግን ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቴሌቪዥን ለማድረስ በየሰፈሩ የተዘረጋው፣ መሐሉ ላይ አንድ የብረት ዘንግ ያለውና ዙሪያው በብረት መረብ የተሸፈነው መስመር ማለት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ዶክሲስ የተባለው የቴክኒክ ደረጃ ከወጣ በኋላ ይኸው መስመር ኢንተርኔትም መሸከም ጀመረ። ወደ እኛ ቴሌቪዥን የመጣው በጣሪያ አንቴና ሲሆን ከዚያም ዲሽ ተከተለ፤ በየመንገዱ የተዘረጋ የቴሌቪዥን ኬብል የለንም። ስለሆነም የባሕር ዳር ነዋሪ የሚመርጠው በአሮጌው የስልክ ሽቦና በአዲሱ ፋይበር መካከል ነው።

ዲኤስኤል በአሠራሩ ብልኃት ያለበት ነገር ነው፤ ይህን ሳልናገር ወደ ጉድለቱ ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። በስልክ የሚተላለፈው የሰው ድምፅ በሽቦው ላይ የሚይዘው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ያለውን የሞገድ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ለአሥርተ ዓመታት ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበር። በየቤቱ የተለመደው የዲኤስኤል ዓይነት፣ ኤዲኤስኤል፣ ይህን ክፍት ቦታ እስከ 1.1 ሜጋ ኸርዝ፣ ተከታዩ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ደግሞ እስከ 2.2 ሜጋ ኸርዝ ድረስ ለመረጃ ማመላለሻነት አዋለው። አዲስ ጉድጓድ ሳይቆፈር፣ አዲስ ምሰሶም ሳይቆም፣ የቤት ስልክ የነበረው ሰው ሁሉ የኢንተርኔት መስመር ባለቤት መሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ ያለው ርቀቱ ላይ ነው። ከፍተኛው ሞገድ በመዳብ ውስጥ ሲጓዝ ፈጥኖ ይዳከማል፤ ፍጥነቱን የሚሰጠው ደግሞ ያው ከፍተኛው ሞገድ ነው። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ በሰከንድ እስከ 24 ሜጋ ቢት ያወርዳል ሲባል የስልክ ሽቦዎች ሁሉ ከሚገናኙበት የቴሌ ማዞሪያ ጣቢያ አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው፤ ሽቦው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ከ5 ኪሎ ሜትር ሲያልፍም በአብዛኛው ለቁም ነገር አይሆንም። ርቀቱ የሚለካውም ሽቦው በየምሰሶውና በየሳጥኑ ዞሮ በሚመጣበት መንገድ እንጂ በቀጥታ በሚታየው አይደለም።

ሽምብጥ የተከራየነው ቤት የስልክ መስመር በአከራያችን ስም የወጣና ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ነበር። ሞደም ላስገባ ስላቸው «ልጄ፣ ይሄ ስልክ አብሮኝ ያረጀ ነው፤ ብቻ እንዳታስቆርጠኝ» ብለው ፈቀዱልኝ። የገባልን አገልግሎት በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ሲሆን በበጋ ወራት የተባለውን ያህል ይሰጥ ነበር። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ስለሚረዳው አንድ ነገር ልጨምር፤ ፍጥነት የሚቆጠረው በቢት፣ የፋይል መጠን የሚቆጠረው ግን በባይት ነው፣ አንዱ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። ስለዚህ 4 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ብቻ ሲሆን፣ 1 ጊጋ ባይት የሆነ ፋይል ለማውረድ 33 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እኔ የምሠራው የሰነድ ትርጉም ስለሆነ ይህ ፍጥነት በቂዬ ነበር።

ለባለቤቴ ግን አልበቃም። ዩኒቨርሲቲ ስለምታስተምር ትምህርቶቿን ቤት ቀድታ ለተማሪዎቿ ትልካለች፤ የኤዲኤስኤል ትልቁ ጉድለትም የታየን ያን ጊዜ ነው። በስሙ መጀመሪያ ያለው «ኤ» አሲሜትሪክ (ያልተመጣጠነ) ማለት እንደመሆኑ መስመሩ ሚዛኑ ለአንድ ወገን ያደላ ነው፤ አብዛኛው ቦታ ለማውረጃ ተመድቦ ለመላኪያ የሚቀረው ጥቂት ነው። የእኛ መስመር መላኪያ በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ቢት ነበር። የአንድ ሰዓት ትምህርት የያዘ 500 ሜጋ ባይት ቪዲዮ ምንም ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ ከ2 ሰዓት በላይ ይወስዳል ማለት ነው። በመሐል ከተቋረጠ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ባለቤቴ ስንት ሌሊት ኮምፒዩተሯን ሳታጠፋ አድራለች። ኢንተርኔት ሊያስገቡ ለሚያስቡ ሰዎች ሁሉ አጥብቄ የምናገረው ስለ መላኪያው ፍጥነት እንዲጠይቁ ነው፤ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ ማውረጃው ነው። ቪዲዮ ለሚልክ፣ በምስል ለሚሰበሰብና ከቤቱ ለሚያስተምር ሰው ግን ወሳኙ መላኪያው ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ በጣና ዳር የሚወርደውን ዝናብና የመብረቁን ብዛት የሚያውቅ ያውቀዋል። ውኃ በሽቦው መገጣጠሚያዎች ውስጥ ሲገባ መዳቡ ይዝጋል፣ መስመሩም ይጮኻል፤ ሞደሙ ጩኸቱን መቋቋም ሲያቅተው ግንኙነቱን ይለቅና እንደ ገና ይይዛል። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። የቤት ስልኩን አንሥቶ አንድ ቁጥር ብቻ በመጫን ጸጥ ብሎ ማዳመጥ ነው፤ የመንሾካሾክ ወይም የመንጣጣት ድምፅ ከተሰማ ጥፋቱ የሽቦው ነውና ሞደም መቀየር ከንቱ ወጪ ነው። ጠለቅ ብሎ ማየት የሚፈልግ ሰው በሞደሙ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥሮች ያገኛል። አንደኛው የሞገዱን መዳከም ሲያሳይ ከ20 ዴሲቤል በታች ሲሆን እጅግ መልካም፣ ከ50 በላይ ሲሆን ደካማ ነው፤ ሁለተኛው ሞገዱ ከጩኸቱ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየው ትርፍ ሲሆን ከ6 ዴሲቤል በታች ከወረደ መስመሩ አይረጋም። የእኛው ትርፍ በሚያዝያ ወር 11 ዴሲቤል የነበረው በሐምሌ ወደ 4 ይወርድ ነበር። ብልሽት ባመለከትኩ ቁጥር የሚመጡት ባለሙያዎች ትሑታንና ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ፤ የመጠበቂያው ጊዜ ግን አንዳንዴ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይሆን ነበርና ለሥራ የሚጠቀምበት ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። አንድ የሰኔ ማታ ደግሞ መብረቅ በስልኩ ሽቦ በኩል ገብቶ ሞደሙን አቃጠለብን፤ ከዚያ ወዲህ ደመና ሲጠቁር የኤሌክትሪኩንም የስልኩንም መሰኪያ መንቀል ልማዳችን ሆነ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ያንን መስመር ላመሰግነው የሚገባኝ አንድ ጊዜ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየ ጊዜ ሥራዬን ያቆየልኝ ያ ያረጀ ሽቦ ነው። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ለምዝገባና ለፈተና ውጤት ወደ እኛ ይልኩ ነበር። በስልክ ዳታ ወይም ሲም በሚገባበት ሳጥን ብቻ መኖር ይቻላል ለሚሉኝ ሰዎች ይህን እነግራቸዋለሁ፤ ፍጥነቱ ከዲኤስኤል ሊበልጥ ይችላል፣ ነገር ግን ለቤት አንድ ሽቦ መኖሩ መተኪያ የለውም።

አባይ ማዶ የገባነው ቤት ፋይበር በደጁ ያልፍ ነበር፤ ስንመርጠው ከኪራዩ ቀጥሎ ያየነውም ይህንን ነው። ፋይበር የፀጉር ያህል የቀጠነ መስተዋት ሲሆን መረጃውን የሚያመላልሰው በብርሃን ነው። ዝናብ አያዝገውም፣ መስተዋቱ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ መብረቅ በእሱ በኩል አይመጣም፣ ርቀቱም እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ አያሳስብም። ባለፈው ክረምት በዝናብ ምክንያት የተቋረጠበት ቀን አላስታውስም። ያ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ቪዲዮ አሁን በ10 ሜጋ ቢት መላኪያ 7 ደቂቃ አይሞላም። ጉድለቱ ሲበጠስ ነው፤ መዳብን ሰፈር ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠምዝዞ ሊያገናኘው ሲችል፣ ፋይበር ግን ልዩ መሣሪያና ልዩ ባለሙያ ይፈልጋል። መንገድ ሲቆፈር አንድ ጊዜ ተቆርጦብን 4 ቀን ያለ መስመር ቆይተናል። ቤት ውስጥም በጥግ ላይ በኃይል ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጣልና ሲዘረጋ አጠገብ ሆኖ ማየት ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ ሁለቱም እኩል ናቸው። የድሮው የቤት ስልክ ከማዞሪያው በሚላክለት 48 ቮልት ስለሚሠራ በጨለማም ይደውል ነበር፤ ሞደሙም የፋይበሩ ሳጥንም ግን የቤት ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። ደግነቱ አብዛኞቹ በ12 ቮልት የሚሠሩና ከ12 ዋት ያልበለጠ የሚፈጁ በመሆናቸው፣ ለራውተር ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ባለባትሪ ዩፒኤስ ለጥቂት ሰዓታት ያቆያቸዋል። ኢንተርኔት ለሥራ ካስገባችሁ ይህን ወጪ ከመስመሩ ዋጋ ጋር አብራችሁ ደምሩት።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። የዲኤስኤል ሻጮች «የእኛ መስመር የብቻህ ነው፣ ኬብል ግን ከጎረቤት ጋር ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ኬብል ላይ ብዙ ቤቶች አንዱን መስመር ስለሚካፈሉ ሰው ሁሉ ከሥራ በሚገባበት ምሽት ይጨናነቃል። የዲኤስኤል ሽቦ ግን የብቻ የሚሆነው እስከ ማዞሪያው ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የጋራ ስለሆነ ሽምብጥ ሳለሁ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ድረስ የነበረውን ዝግታ በደንብ አውቀዋለሁ። ፋይበርም ቢሆን የጋራ ነው፤ በተለመደው ጂፖን በተባለው አሠራር በሰከንድ ወደ 2,500 ሜጋ ቢት የሚጠጋው ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። 32 ቤት ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ እንኳ ለእያንዳንዱ ወደ 78 ሜጋ ቢት ይደርሰዋል፤ ይህም አንድ የዲኤስኤል መስመር በጥሩ ቀን ከሚሰጠው ብዙ እጥፍ ነው። በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ለአዲስ ደንበኞች ዲኤስኤል መሸጥ ማቆሙንም ነገርኩት፤ የስልክ ሽቦ የሚጠገንበት ዘመን እያለፈ እንደሆነ ያሳያልና። የምሽቱን መጨናነቅ ከጎረቤቶቹ ጠይቆ እንዲያረጋግጥ፣ መልሱ መልካም ከሆነ ኬብሉን እንዲይዝ መከርኩት፤ እሱም እንዲሁ አደረገ።

እዚህ ባሕር ዳር ለሚጠይቁኝ የምሰጠው ምክርም ከዚሁ ይነሣል። ፋይበር በደጃችሁ ካለፈ ስለ ሌላ አታስቡ። ካላለፈና የስልክ ሽቦ ካላችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሽቦው ከቅርቡ ማዞሪያ ወይም የመንገድ ሳጥን ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የመላኪያው ፍጥነት ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ባለሙያው ሲመጣም መገጣጠሚያዎቹን በሙሉ እንዲያያቸው ለምኑት። በተረፈ ብዙ ጊዜ በመስመሩ የሚሳበበው ጥፋት የዋይፋይ ነው፤ በብሎኬት ግድግዳ ለተከፋፈለ ቤት ራውተሩን ከበሩ ጥግ አንሥቶ መሐል ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

የቀድሞ አከራያችን ግቢ ፋይበሩ ገና አልደረሰም። ከእኛ በኋላ የገቡት ወጣት ባልና ሚስት ባለፈው ወር ደውለው መስመሩ እየተቆራረጠ ማስቸገሩን ሲነግሩኝ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለውን መገጣጠሚያ ከፍተው እንዲያሳዩ ነገርኳቸው። ባለሙያው ሲከፍተው ውኃ ቋጥሮ ተገኘ፤ የዛገውን ቆርጦ በአዲስ አገናኘው፣ አፉንም ወደ ታች አዞረው፣ እማማም ስልካቸው እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ይሰማቸዋል።