የዩኒቨርሲቲ ወይስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት?

ላይብረሪያን ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን መታወቂያ ይዞ መጽሐፍ የሚያውስና «ዝም በሉ!» የሚል ሰው ነው። ሥራው ግን እንደ ቦታው ይለያያል።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካታሎግ (የመጻሕፍቱን ዝርዝር መዝገብ) ማደራጀት፣ የመመረቂያ ጽሑፎችን ዲጂታል ማድረግ፣ ተመራማሪን ከጆርናል ዳታቤዝ (የጥናት መጽሔቶች የኮምፒውተር ስብስብ) ጋር ማገናኘት አለ። ለትምህርትም ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ማስተርስ ያስተምራል። ይህን ለተማረ ሰው የአይቲ ሥራም በሩ ክፍት ነው።

የሕዝቡ ቤተ መጻሕፍት፣ ለምሳሌ በ2014 አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት፣ ሌላ ዓለም ነው። ሕፃኑም፣ ተፈታኙም፣ ጡረተኛውም ይመጣል። ሙያው ምን እንደሆነ ለሰው የሚገባው እዚህ ይመስለኛል። ሰው የማይሰለቸው ወጣት ቢያማክረኝ ይሄንን እመርጥለታለሁ። ካታሎግ የሚወድ ደግሞ (አሉ እኮ!) ግቢ ይሻለዋል።