ጄይደን ዳንኤልስ፣ 5 ቁጥር፣ ቡርጋንዲ፦ የማሊያ ሪቪው ከ2024 ሲዝን አራት ጨዋታና ከአንድ ድራየር በኋላ

የመጣሁት ስለማሊያው ልናገር ነው፣ ስለልጁም ማውራቴ አይቀርም፣ ከአሁኑ ይቅርታ። የገዛሁት ሜይ 2024 ላይ ነው፣ ኳስ ወርዋሪው ጄይደን ዳንኤልስ ለኮማንደርስ፣ ለዋሽንግተኑ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን፣ ገና አንዲት ኳስ ሳይወረውር፣ 130 ዶላር ገደማ፣ ታክሱ ሳይቆጠር። ሚስቴ ሂሳቡን ካርዱ ላይ አይታ «ልጁ ተጫውቶ ያውቃል እንዴ?» አለችኝ። ኮሌጅ ተጫውቷል አልኳት። «እኔም ኮሌጅ ተምሬያለሁ፣ የኔን ማሊያ ማን ገዛ?» ብላ ወደ ኪችን ሄደች። እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

በቃ ወደ እቃው። የኤንኤፍኤል፣ ማለትም የአሜሪካን ፉትቦል ሊጉ፣ ማሊያ ለደጋፊ ሲሸጥ እንደ ቡና ደረጃ ደረጃ አለው። ታች ያለው «ጌም» የሚሉት ነው፣ እኔ የገዛሁት እሱን ነው፣ ስሙና ቁጥሩ የተለጠፈ እንጂ የተሰፋ አይደለም። ከሱ ከፍ የሚለው «ሊሚትድ» ቁጥሩ ስፌት ነው፣ ዋጋው 2024 ላይ ወደ 175 ይጠጋ ነበር። ከዛ በላይ ደሞ ተጫዋቾቹ የሚለብሱት ዓይነት አለ፣ እሱን የሚገዛ የቤት ኪራይ የሌለበት ሰው መሆን አለበት። ሁሉም «ታችኛው ይበቃሃል፣ ለእስቴዲየም አይደል እንዴ» ይልሃል፣ እኔም እንደዛ ብዬ ነው የገባሁበት። አሁን ብትጠይቁኝ ግን 45 ዶላሯን ጨምሩና የተሰፋውን ግዙ ነው የምለው፣ ለምን እንደሆነ ድራየሩ ጋ ስንደርስ ይገባችኋል።

ቀለሙ አንደኛ ነው። ቡርጋንዲ የሚሉት ያ ቀይ በደንብ የበሰለ የዶሮ ወጥ ቁሌት ነው የሚመስለው፣ ቀልድ አይደለም፣ እንቁጣጣሽ ዕለት እህቴ ቤት ለብሼው ሄጄ ወጥ ደፋሁበት ማንም አላየም፣ ራሴም ያወቅኩት ማታ ሳወልቀው ሲሸተኝ ነው። ነጩን የገዛ ጓደኛ አለኝ፣ እሱ በዛው ማዕድ ላይ ናፕኪን አንገቱ ላይ አስሮ ነው የበላው፣ እንደ ህፃን። ሐበሻ ከሆናችሁ ነጩን አትግዙ፣ ጨረስኩ።

ሳይዙ ሰፊ ነው፣ ከወትሮው አንድ ዝቅ አድርጋችሁ እዘዙ። እኔ ላርጅ አዝዤ ደብል ኤክስኤል ነው የላኩልኝ (የሻጩን ስም አልጠራም፣ ኦንላይን ነው)፣ ስለብሰው ጋቢ የደረብኩ ነው የምመስለው። ልመልስ ብዬ ቻት ስከፍት የሚያወራኝ ሮቦት ነው፣ «ደስታዎን እንካፈላለን» ምናምን ይለኛል፣ የቱን ደስታ። ሦስት ሳምንት ከፈጀ በኋላ ትክክለኛው መጣ። ጨርቁ ቀላል ነው፣ ኦገስት ላይ በዲሲ ሙቀት ለብሼው ስሰራ ውያለሁ፣ ያልባል ግን ቶሎ ይደርቃል። እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ድራየሩ። ይሄ ዓይነት ማሊያ ገልብጠህ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበህ አስጥተህ ነው የምታደርቀው፣ እኔ አውቃለሁ፣ የ11 ዓመት ልጄ ግን አያውቅም፣ ሊረዳኝ ብሎ ከፎጣዎች ጋር ከቶ ሙቀቱን መጨረሻ ላይ አደረገው። ስናወጣው ከፊት ያለችው 5 ሆዷ ላይ ክረምት እንደመታው ምርጊት ተሰነጣጥቃለች። ጀርባው ላይ ደሞ የስሙ የመጨረሻዋ ኤስ ጫፏ ተነሳ፣ ልጄም እያስተካከልኩ ነው ብሎ ጎትቶ ገነጠላት። ስለዚህ አሁን ማሊያዬ «ዳንኤል» ነው የሚለው። ባለፈው እሁድ ቤተክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ አንዲት እናት «ዳንዬ፣ እስቲ ይቺን መኪና ወዲያ በልልኝ» አሉኝ። እሺ እማማ ብዬ አንቀሳቀስኩላቸው፣ ምን ልበል። እንግዲህ የተሰፋውን ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዳንኤልስ። እኔ የሩኪ፣ ማለትም የአዲስ ገቢ ተጫዋች፣ ማሊያ ስገዛ ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ቁምሳጥኔ ውስጥ የ2012 የሮበርት ግሪፈን 10 ቁጥር ተሰቅሏል። ያኔም ልክ እንደአሁኑ ነበር፣ ከድራፍቱ፣ ከኮሌጅ ልጆች ምርጫው፣ ሁለተኛ ተመርጦ፣ ሃይዝማን ዋንጫውን፣ የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚያገኘውን፣ ይዞ፣ በእጁም በእግሩም የሚጫወት ልጅ፣ እሱን ለማግኘት ቡድኑ የሁለት ዓመት መጪ የአንደኛ ዙር ምርጫውን ሳይቀር ነው የሰጠው። በዛ ሲዝን ከማንም ተጫዋች በላይ የሱ ማሊያ ተሸጠ፣ አንዷ የኔ። ከዛ ጃንዋሪ 2013 ላይ ከሲያትል ጋር በገዛ ሜዳችን ጉልበቱ ሄደ፣ ከሱ በኋላ ያ ልጅ ተመልሶ አልመጣም። 2020 ላይ ደሞ ቼስ ያንግን አመጡ፣ እሱም ሁለተኛ ምርጫ፣ እሱም የዓመቱ ምርጥ ሩኪ በመከላከል፣ እሱም ጉልበት። ስለዚህ ሰው «አትቸኩል» ሲለኝ ምቀኝነት ነው አልልም፣ ቁምሳጥኔን ከፍቼ አያለሁ።

የአውሮፓ ኳስ ብቻ ለምታዩ ባጭሩ፣ ድራፍት ማለት ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች ቡድኖች በተራ የሚመርጡበት ነው፣ ተራውም የተገለበጠ ነው፣ የባሰበት ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ማንቸስተር ሲቲ መጨረሻ፣ ወራጁ መጀመሪያ እንደማለት። እኛ በ2023 አራት አሸንፈን 13 ስለተሸነፍን ሁለተኛው ተራ ደረሰን። አንደኛውን ቺካጎ ወስዶ ኬሌብ ዊልያምስን መረጠ፣ እሱ ደሞ እዚሁ ዲሲ የተወለደ፣ ጎንዛጋ ሃይስኩል የተማረ ልጅ ነው፣ የሰፈራችንን ልጅ ሌላ ሲወስደው ያኮረፈ ብዙ ነበር፣ እኔም አንድ ሦስት ቀን አኩርፌያለሁ። ከዛ የዳንኤልስን የኤልኤስዩ፣ የኮሌጁን የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ፍሎሪዳ ላይ በአንድ ጨዋታ 372 ያርድ ወርውሮ 234 ያርድ የሮጠበት አለ፣ በአንድ ማታ። እሱን አይቼ ነው ካርዴን ያወጣሁት፣ ጥፋቱ የዩትዩብ ነው።

5 ቁጥር ራሷ ታሪክ አላት። ለአስር ዓመት የለበሳት ፑንተራችን ትሬስ ዌይ ነበር፣ ማለትም ቡድኑ ማጥቃት ሲያቅተው ገብቶ ኳሷን አርቆ የሚለጋ ሰውዬ፣ እና ባሳለፍናቸው ዓመታት ከቡድኑ ከሱ በላይ የሰራ አልነበረም። ለልጁ ቁጥሩን ለቀቀለትና ራሱ 10 ወሰደ፣ አዎ የግሪፈንን 10፣ ስለዚህ የድሮ ማሊያዬ አሁን የፑንተር ማሊያ ሆኗል። አስቂኙ ነገር ሁለተኛውና ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ኮማንደርስ አንድም ፑንት አላደረገም። ሰውዬው ቁጥሩን ሰጥቶ ስራም አጣ። ይሄ ሁሉ ዓመት ከለጋ በኋላ ተቀምጦ ሲስቅ ሳየው ለኔም እረፍት የተሰጠኝ ነው የመሰለኝ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ግን አልዋሻችሁም፣ ሴፕቴምበር 8 ታምፓ ላይ 37 ለ 20 ተደበደብን። በኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ ቤንዚን ሆኖ ወረደብን። እናቴ አዲሳባ ሆና ስደውልላት ድምፄን ሰምታ «ምነው፣ ሰው ሞተ?» ነው ያለችኝ። ከዛ ዓመቱ ዞረ። ጃያንትስን 21 ለ 18፣ ሰባት ፊልድ ጎል (በእግር ተለግቶ የሚገባው፣ ሦስት ሦስት ነጥብ)፣ ታችዳውን (ኳሷን የጎሉ ዞን ውስጥ ማስገባት) የለም፣ አስቀያሚ ነው ግን ድል ነው። ቀጥሎ ሲንሲናቲ 38 ለ 33፣ ቀጥሎ አሪዞና 42 ለ 14። ማለትም በኛ አቆጣጠር በ2016 ተሸንፈን በ2017 አንድም አልተሸነፍንም፣ አሜሪካኖቹ ይሄን ስታቲስቲክስ አያውቁትም።

የሲንሲናቲውን ላውራ፣ ሰኞ ማታ ነበር። ኡበሩን ዘግቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ የኛ ሰው ቤት ገባሁ፣ ቲቪው ላይ ኢቢኤስ ነበር፣ ለምኜ አስቀየርኩ፣ የተቀየረባቸው ሰዎች አስተያየት አሁንም ጀርባዬ ላይ አለ። አጠገቤ ሻይ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ፣ ይሄን ጨዋታ በህይወታቸው አይተው አያውቁም። «ይሄ ቀጭኑ ልጅ የናንተ ነው? አይበላም እንዴ?» አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ የኛ ነው፣ ይበላል አልኳቸው፣ የምር ግን ሜትር ከ93 ሆኖ 95 ኪሎ ነው፣ እነዚያ 140 ኪሎ የሚመዝኑት ሲመጡበት አይኔን ነው የምጨፍነው። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር እየመራን ነው ግን በጠባቡ፣ ሦስተኛ ሙከራ፣ ሰባት ያርድ ይፈለጋል፣ 27 ያርድ ላይ ነን። ሌላ ቡድን ቢሆን ኳሷን አቅፎ ይሮጥና ሰዓቱን ይበላል። እነሱ ሊውጡት እየመጡበት ቆመ፣ ወረወረ፣ ተመታና ወደቀ፣ ኳሷ ሄዳ ኳስ ተቀባያችን ቴሪ ማክሎሪን እጅ ላይ የጎሉ ዞን ጥግ ውስጥ ገባች፣ ታችዳውን። ስጮህ የጋሼ ሻይ ተደፋ። ቡርጋንዲው ላይ፣ አይታይም። ልጁ በዛን ማታ 23 ወርውሮ የሳተው ሁለት ብቻ ነው፣ ያውም የሲንሲናቲው ወርዋሪ ጆ በሮው ፊት፣ እሱም የኤልኤስዩ ልጅ፣ እሱም ሃይዝማን። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባል የለ፣ ያን ማታ በልተን ተርፎናል።

በአራት ጨዋታ ከወረወረው ከመቶ 82ቱ ነው ሰው እጅ የገባው፣ እስከዛ ድረስ በሊጉ ታሪክ እንደዚህ የጀመረ አልነበረም። አውቃለሁ፣ አራት ጨዋታ ነው። አብዛኛው ደሞ አጭር አጭር ኳስ ነው፣ ተከላካዮች ቪዲዮውን አጥንተው ሲመጡ ምን እንደሚሆን እናያለን። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ክንዱ አይደለም፣ ሲሮጥ እንዳይመቱት ቶሎ መሬት ላይ አይተኛም፣ ሁለት ያርድ ለመጨመር ብሎ ይመታል፣ በተመታ ቁጥር ቁምሳጥኔ ውስጥ ያለው 10 ቁጥር ይንቀሳቀሳል። ተኛ ልጄ፣ ሁለት ያርዱ ይቅርብን።

ከሱ ሌላ የ2024 ልጆች ጥሩ ናቸው፣ ይሄ ነው ከ2012 የሚለየው፣ ያኔ ሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ ነበር የከተትነው። በ2024 የመጣው ማናጀር አዳም ፒተርስ በድራፍቱ ዘጠኝ ልጅ ነው ያመጣው። ከፊላደልፊያ ጋር ተለዋውጦ ሁለተኛው ዙር ላይ ኮርነሩን፣ ማለትም የዳር ተከላካዩን፣ ማይክ ሴንሪስቲልን ወሰደ፣ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው፣ ሄይቲ ተወልዶ ማሳቹሴትስ ያደገ የስደተኛ ልጅ፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አጥቂ ሆኖ ጀምሮ ተከላካይ ሁን ሲሉት እሺ ብሎ የሀገሪቱ የኮሌጅ ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ኳስ ነጥቆ 81 ያርድ የሮጠ። ቁመቱ አጭር ነው ይሉታል፣ እስቲ ይቆየን። ሌላው ተከላካይ ጆኒ ኒውተን ሲዝኑ ሲጀመር ከእግር ኦፕሬሽን ገና መመለሱ ነበር፣ ስለሱ ምንም አልልም። ሉክ ማካፍሪ ደሞ ያ የሳንፍራንሲስኮው የክርስቲያን ማካፍሪ ታናሽ ወንድም ነው፣ የተመረጠበትን 100ኛ ተራ ያገኘነው ቼስ ያንግን ለዛው ለሳንፍራንሲስኮ ሰጥተን ነው፣ ማለት የጉልበት ህመሙን ሰጥተን የሰውዬውን ወንድም አመጣን። ንግድ ከዚህ በላይ የለም፣ መርካቶም እንደዚህ አይደራደሩም።

ማሊያውን ለብሼ ስሰራ ቲፕ ጨምሯል፣ ይሄንንም ሪቪው ውስጥ አስገቡልኝ። ድሮ የዚህን ቡድን ነገር የለበሰ ሹፌር ሲያዩ ያዝኑለት ነበር፣ አሁን ገና በሩን ሳይዘጉ «ሰኞን አየህ?» ነው። ከላንዶቨር እስከ አርሊንግተን ድረስ አንድ ነጭ ሽማግሌ ስለ1991 ሻምፒዮን ቡድናችን ሲነግረኝ መጣ፣ መጨረሻ ላይ ጀርባዬን አይቶ «ዳንኤል ማነው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት።

እንግዲህ ነጥብ፣ ለማሊያው ከአምስት ሦስት ተኩል፣ ግማሿ የተቀነሰችው ለሮቦቱ ነው፣ አንዷ ለተለጠፈው ቁጥር። ለዳንኤልስ ነጥብ አልሰጥም፣ ጉልበቱን ይዞ ዲሴምበርን ይድረስልኝ። የተሰነጠቀውን አልቀይረውም፣ ካሸነፍንበት ማሊያ ጋር አልጫወትም፣ ጥያቄው ለልጄ ምን እንግዛ ነው። ትላንት የሴንሪስቲልን ካልገዛችሁልኝ ብሎ ተነሳ፣ የተሰፋውን፣ እና የሴንሪስቲል ቁጥር 0 ነው። ሚስቴ ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን አየችው፣ ዋጋውን አየችው፣ ከዛ እኔን አየችኝ። «ዜሮ ነው በ175 ዶላር የምትገዙት?»